ለቦሪ ኩሬ የሠራናት ጀልባ

ጀልባ ልንሠራ ነው ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ዕለት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን እንኳ አላቆመችም።

«የምን ጀልባ?»

«የእንጨት። ለመመረቂያ ሥራችን።»

«ሞያሌ ላይ?»

«አዎ፣ ሞያሌ ላይ።»

ሽንኩርቱን ጨርሳ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከልቧ ሳቀች። እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሳቁ መለየት አቃተኝ። ሳቋ ግን ደስ አለኝ። አናጢነት ልማር ነው ባልኳት ጊዜ አልሳቀችም ነበር፤ «ሴት ልጅ መጋዝ ይዛ!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስትከሰኝ ነው የከረመችው።

እናቴ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ ከሎሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት አላት። ሰዉ ሆቴል ይለዋል እንጂ አልጋ የለውም። ከኢትዮጵያ ወደ ናይሮቢ የሚወርዱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ሽሮና ጥብስ የሚበሉት እሷ ዘንድ ነው። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። አማርኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ ስዋሂሊውንም የለመድኩት በእነዚያ ጠረጴዛዎች መሀል ሳህን እያነሳሁ ነው።

የጀልባው ሐሳብ የመምህራችን ነበር። በሙያ ትምህርት ቤታችን የመጨረሻው ዓመት ላይ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር ሠርቶ ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ፈታኝ ያሳያል። ወንዶቹ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የሱቅ መደርደሪያ መረጡ። መምህራችን ገና ወጣት ነበር፤ በስዋሂሊው ሙዋሊሙ እንለዋለን። የተወለደው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ቤተሰብ ነው። ወደ ሞያሌ ተመድቦ ከመጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ደቡብ እያየ ሲቆም ስላየሁት፣ ውሃ እንደሚናፍቀው ገምቼ ነበር።

«አልጋ የሚሠራ ሰው ቢሳሳት አልጋው ይንቋቋል እንጂ ይቆማል» አለ። «ጀልባ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ሳንቃ ካልገጠመ ውሃው ራሱ ይነግራችኋል። ማን ይሞክራል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው «ከዚያ በግመል እየጎተትን ልንጓዝባት ነው?» አለ። በዚህ መሀል ከጎኔ የተቀመጠችው ጓደኛዬ እጇን አነሳች። በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ባለችው በቦሪ መንደር ግመልና ፍየል የሚያረቡ ቦረናዎች ናቸው፤ እሷ ጀልባ ያየችው በስልክ ላይ ብቻ ነው።

«ለምን አነሳሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ስለሳቁ።»

ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልታየኝም። እኔም እጄን አነሳሁ።

ትምህርት ቤቱ የፈረንጅ ጥድ ሳንቃ ሰጠን። ለጎኗና ለሆዷ ይህ በቂ ነበር። ችግሩ ቅርጿን የሚይዙት የውስጥ የጎድን አጥንቶች ነበሩ። ሙዋሊሙ ቀጥ ያለውን እንጨት ጠማማ አድርገን እንድንቆርጥ አልፈቀደም፤ «በተፈጥሮ መስመሩ በኩል ይሰነጠቃል፤ ሲያድግ ጀምሮ የጎበጠ ፈልጉ» አለን። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ በቦዳ ቦዳ ሞተር ተፈናጥጠን ቦሪ ሄድን። ነፋስ የጣለው ትልቅ ግራር መኖሩን ጓደኛዬ ታውቅ ነበር። አባቷ መጥረቢያቸውን ይዘው አብረውን ወጡ። እኛ ቅርንጫፉን እየዞርን «ይሄ ጎበጥ ብሏል፣ ያኛው ይበልጥ ጎብጧል» ስንባባል ቆመው አዩንና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ እንጨት ስፈልግ ኖርኩ» አሉ። «ጠማማ ሲጠፋበት የሚጨነቅ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

እየሳቁ ግን የመረጥነውን ሁሉ ቆረጡልን። ያን እንጨት በሞተር ላይ አስረን ወደ ከተማ ስንገባ ባለሞተሩ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ «የጀልባ አጥንት ነው!» እያለ ይጮህ ነበር። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ እናቴ ዘንድ የሚበሉ ሾፌሮች አላሳረፉኝም። «እህት፣ ወደብ መቼ ነው የሚከፈተው?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ዓሣ ጥብስ ያዛል። እናቴ መጀመሪያ አብራቸው ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ሾፌር «ለመሆኑ ትንሳፈፋለች ብለሽ ታምኛለሽ?» ሲላት ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው። «ልጄ የጀመረችውን አታይም እንዴ? ዝም ብለህ ብላ» አለችው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማኋት። ስወጣ ግን ምንም እንዳልተባለ ሆና ብርጭቆ ታጥብ ነበር።

ሳንቃ ማጉበጥ ያለ ትዕግሥት የሚሆን ሥራ አይደለም። የፈላ ውሃ በጆንያ ላይ እያፈሰስን፣ ጆንያውን ሳንቃው ላይ እየጠቀለልን፣ እንጨቱ እስኪለዝብ እንጠብቃለን። ከዚያ አንዱን ጫፍ በሞርሳ አጥብቀን ሌላውን ጫፍ ሁለታችንም ባለ በሌለ ኃይላችን እንገፋለን። የመጀመሪያው ሳንቃ ጥይት በመሰለ ድምፅ ተሰበረ። ወንዶቹ ከየጥግ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ስባሪውን አንስታ በእርጋታ አየችውና «ቸኩለናል» አለች። ሁለተኛውን ሳንቃ ይበልጥ አረጠብነው፤ ስንገፋውም ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና ትንሽ ገፋ እያደረግን ነበር። ሳንቃው እየተንቋቋ ሄዶ ሄዶ በግራሩ አጥንት ላይ ተኛ። እጄን ከሳንቃው ላይ ማንሳት ፈራሁ። ሙዋሊሙ መጥቶ ምስማሩን መታና «እንግዲህ ልቀቁት» አለ። ለቀቅነው። ንቅንቅ አላለም። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ማንም ሳይጠይቀኝ ለጎረቤታችን ለባለሱቁ ሁሉ ነገርኩት።

እያደር ጀልባዋ ጀልባ መምሰል ጀመረች። አፍንጫዋ ሹል፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣ ሁለት ሰው ከነዕቃው የምትይዝ። ያጨበጨቡት ልጆች በሻይ ሰዓት እየመጡ ጎኗን በእጃቸው መዳሰስ ያዙ። አንደኛው ሳንጠይቀው ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ጠርዟን ሲያለሰልስ አገኘሁት። እኔም ሌላ ቁራጭ ወስጄ ከማዶው ጎን ጀመርኩ።

ቀጥሎ ውሃ ማስገባት አለማስገባቷን ማወቅ ነበረብን። ሞያሌ ላይ ደግሞ ጀልባ የሚነከርበት ውሃ የለም። ሙዋሊሙ ነገሩን ገለበጠው። «ጀልባዋን ውሃ ውስጥ ማስገባት ካልቻልን ውሃውን ጀልባዋ ውስጥ እናስገባዋ! ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ወደ ውጭም ያንጠባጥባል» አለ። ግን በድርቁ ወቅት በጄሪካን የሚሸጥ ንጹሕ ውሃ ለዚህ ማፍሰስ ነውር ነው። የሆቴሉን የሳህን እጣቢ እንድታጠራቅምልን እናቴን አልጠየቅናትም፤ ነገሩን ስትሰማ ራሷ በባልዲ ሞልታ በእጅ ጋሪ አስጭና ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይዛ መጣች። መጋዝ የያዘች ልጇን ሥራ ቦታዋ ላይ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ጀልባዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። በጣቷ አንኳኳቻት።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔና እሷ።»

«እኔ እኮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እጣቢውን ራሷ እያፈሰሰች «የሽሮ ሽታ ካልለቀቃት በእኔ አትፍረዱ» አለች።

እጣቢው በየሳንቃው መጋጠሚያ እየወረደ ሲንጠባጠብ እኛ ከሥር በጠመኔ ምልክት አደረግን። ቦታውን ሁሉ በጥጥ ወተፍንና፣ ፈታኙ የሚመጣበት ቀን ስለቀረበ፣ ከታች እስከ ላይ ሬንጅ ቀባናት። ጠቁራ፣ አብረቅርቃ፣ እውነተኛ ጀልባ መሰለች። እኔና ጓደኛዬ ፎቶ ተነሳን። ሬንጅ በአገጫችንም በልብሳችንም ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ አምሮብን የምናውቅ አይመስለኝም።

ፈታኙ እንደመጡ፣ ኩሬው ላይ ስትንሳፈፍ እንዲያዩአት፣ ጀልባዋን ፍየል ሊጭን ቦሪ በሚሄድ ሎሪ ላይ ጫንናት። እሳቸውና ሙዋሊሙ በትምህርት ቤቱ ፒካፕ ተከተሉን። የቦሪ ኩሬ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰፊ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። ግመሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጀልባዋን ከሎሪው ስናወርድ ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ። ከመሀላቸው የውሃውን ተራ የሚቆጣጠሩት ሽማግሌ ወጡ፤ ቦረናዎች አባ ሄሬጋ ይሏቸዋል፤ ማን መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቀስ ብለው ቀርበው የጀልባዋን ጎን ነኩ፤ ጣታቸውንም አሸተቱ።

«ይህ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

«ሬንጅ ነው፣ አባ» አለች ጓደኛዬ። «ውሃ እንዳታስገባ ነው።»

«መንገዱ ላይ የሚያፈሱት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አትገባም።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ይህን ውሃ ሰው ይጠጣዋል። ልጆች ይጠጡታል። ዝናብ እስኪመጣ ሌላ የለንም።»

ሙዋሊሙ የተባለውን በስዋሂሊ ስነግረው ደንግጦ ወደ ጓደኛዬ ዞረ። «ከደረቀ በኋላ ውሃ ውስጥ አይሟሟም በያቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በያቸው» አላት። ጓደኛዬ አልተረጎመችም። ራሷን ቀና አድርጋ በስዋሂሊ መለሰችለት፤ «ሙዋሊሙ፣ እኔ ቤት ስመጣ የምጠጣው ይህንን ነው። እሳቸው የሚሉትን እኔም እላለሁ።»

ሙዋሊሙ «እኛ አገር ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ማንም ይህን ጠይቆን አያውቅም። ልክ ናቸው» አለ፣ የሽማግሌውንም እጅ ጨብጦ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ፈታኙ መሬት ላይ ተንበርክከው ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መረመሯት። መጋጠሚያዎቹን በጣታቸው አንኳኩ፤ ሆዷ ሥር ገብተው አዩ። «የእንጨት ሥራው ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። ግን ያላየሁትን ተንሳፈፈች ብዬ አልጽፍም» አሉን። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ወደ መኪናቸው ገቡ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። ስንመለስ ሎሪው ላይ ከፍየሎቹ መሀል፣ ከጀልባዋ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። እንባዬ አቧራውን ፊቴ ላይ ጭቃ አደረገው። ጓደኛዬ አላለቀሰችም። መንገዱን ሁሉ የጀልባዋን ጎን እያየች መጣችና፣ ከተማ ልንገባ ስንል በጥፍሯ ሬንጁን ፋቅ ፋቅ አደረገች።

«እንላጠው» አለች።

«ፈተናው እኮ አልቋል።»

«ፈተናው አልቋል። ጀልባዋ አላለቀችም።»

ትምህርት ተዘግቶ ሌሎቹ ቁም ሳጥናቸውን ሸጠው ሲበታተኑ እኛ ሁለታችን ቀረን። ሬንጁ ቀን በፀሐይ ስለሚለሰልስና መፋቂያው ላይ ስለሚጣበቅ፣ የምንሠራው በማለዳ፣ ገና ቀዝቅዞ እንደ ገል በሚሰባበርበት ሰዓት ነበር። ፋቅን፣ ላግን፣ የወተፍነውን ጥጥ ሳይቀር እያወጣን አዲስ ተካን። መዳፌ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የምሠራው። ሙዋሊሙ ለዕረፍት አገሩ መሄዱን አዘግይቶ ከእኛ ጋር ሰነበተ። ግን በሬንጁ ቦታ ምን እንደምንቀባ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ቀለሙም፣ ሙጫውም ሁሉም ያው መርዝ ነው።

መልሱ ከእናቴ መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ስንነጋገር ሰምታ «ሰም አይሆንም?» አለች። «ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስንሠራ እጃችን ላይ የነካን ሰም ውሃ ቢፈስበት እንኳ አይለቅም። ሰው ቢውጠውም አይጎዳውም።»

ሙዋሊሙ በአማርኛ የተባለውን ስተረጉምለት ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰም ብቻውን ይሰነጠቃል» አለ እያሰበ። «ስብ ከተቀላቀለበት ግን...»

«ሞራ ነው የሚፈልገው?» አለች እናቴ። «ሥጋ ቤት ሞልቷል።»

ከድንበሩ ማዶ ማር ከሚነግዱ ሴቶች ሰሙን አስመጣችልን። ማቅለጫ ስንፈልግ ደግሞ የበዓል ትልቁን ድስቷን አውጥታ ሰጠችን። ዳግመኛ ወጥ እንደማይሠራበት ታውቅ ነበር። «ውሰጂው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» ብቻ አለች። ሰምና ሞራውን አቅልጠን፣ ትኩሱን በጨርቅ እየነከርን፣ በየመጋጠሚያው አጠጣነው፤ በላዩም ደጋግመን ቀባን። ጀልባዋ ጥቁረቷን ትታ የማር ቀለም ያዘች፤ የእንጨቱ መስመር፣ የግራሩ ጉብጠት፣ የመታናቸው ምስማሮች ሁሉ ተገልጠው ታዩ። ሬንጁ የሠራነውን ሁሉ ሸፍኖብን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ከፊተኛዋ ይበልጥ ወደድኳት።

ለሁለተኛ ጊዜ ቦሪ ስንሄድ ፈታኝ የለም፤ ሙዋሊሙና እናቴ ግን አብረውን ነበሩ። እናቴ ሆቴሉን ዘግታ መምጣቷ በራሱ ዜና ነው። ሰሙ በፀሐይ እንዳይቀልጥ ጀልባዋን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነናታል። በመሀሉ አንድ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ኩሬው ሞልቷል፤ ጎርፉ ግን የእሾህ አጥሩን ነቅሎ መሀል ድረስ አስገብቶታል። ውሃ ሊጠጡ የገቡ ፍየሎች እየተያዙበት ተቸግረዋል። ጭቃው ሰው ስለሚውጥ ገብቶ የሚያወጣው አልተገኘም።

አባ ሄሬጋው ጆንያውን ገልጠው አሸተቱ። ከጠርዟ ላይ በጥፍራቸው ፍቀው ቀመሱ።

«ሰም ነው?»

«ሰምና ሞራ ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«ይህንንማ እኔም እበላዋለሁ» አሉና ሰዉን ሁሉ አሳቁት። ከዚያ በእጃቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። «አስገቧት።»

እኔና ጓደኛዬ ከሁለት ወገን ይዘን ገፋናት። ሆዷ ጭቃውን ለቀቀ። በአንድ ጎኗ ዘመም አለች። ወዲያው ቀና ብላ ውሃው ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ቅጠል ቀልላ። እኔም እሷም ዋና አናውቅም፤ ሙዋሊሙ ወገባችንን በገመድ አሥሮ ጫፉን በዳር ለቆሙት የቦሪ ወንዶች ሰጣቸውና ገባን። እናቴ ከዳር ሆና «ቀስ በሉ! አንቺ፣ ተቀመጪ እንጂ!» እያለች ትጮሃለች። ከትርፍ ሳንቃ የሠራነውን መቅዘፊያ መጀመሪያ እኩል ስላልሳብነው በቦታችን ዞርን፤ ሰዉ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ ጓደኛዬ «አንድ፣ አሁን» እያለች ምት ሰጠችን። ጀልባዋ ታዘዘችን። ወለሏን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነበር። ከእግሬ በታች ያለው ውሃ እኔ በገጠምኩት ሳንቃ ተከልክሎ ቆሟል። ጮክ ብዬ «ደረቅ ነው! ደረቅ ነው!» አልኩ፤ ሙዋሊሙ ከዳር እጁን ወደ ላይ ወረወረ።

መሀል ስንደርስ ተመልሰን ልንወጣ አልፈለግንም። ሌላ ገመድ አስወርውረን ከእሾሁ ጋር አሰርነው፤ በዳር ያሉት ወንዶች ጎተቱ። አንዱ ጉማጅ ሲወጣ ለሌላው እንመለሳለን። እሾህ እጃችንን ቧጨረው፣ ልብሳችን ረጠበ። የመጨረሻው ግንድ ተጎትቶ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ፍየሎቹም ማንም ሳይነዳቸው ወደ ውሃው ወረዱ።

ከጀልባዋ ስንወርድ አባ ሄሬጋው ከሰዉ መሀል የቆሙትን የጓደኛዬን አባት ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይቺኛዋስ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ ሰዉን ገፋ አድርጋ መጣች። ኦሮምኛዋ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ከዋጋና ከሥጋ ዓይነት ብዙም አያልፍም። የዚያን ቀን ግን ጥርት አድርጋ «ኢንተላ ቲያ» አለች፤ ልጄ ናት ማለቷ ነው። አሁንም እንደገና አለችው፣ ማንም ሳይጠይቃት። ረጥቤ፣ ጭቃ ለብሼ ሳለሁ እቅፍ አደረገችኝ።

ጀልባዋ ቦሪ ቀረች። ኩሬው መሀል የወደቀውን ለማውጣት፣ በደለል የሚደፈነውን የመቀበያ ቧንቧ ለማጽዳት ይጠቀሙባታል፤ ሰሟ ሲሳሳ የጓደኛዬ አባት ራሳቸው እያቀለጡ ይቀቧታል። የምስክር ወረቀታችን በኋላ ደረሰን፤ አልፈናል። መንሳፈፏን የሚያነሳ ቃል የለበትም። የኔው ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እናቴ ነች የሰቀለችው፤ ከጎኑ ያሰቀለችው የጀልባዋ ፎቶ ግን በእጥፍ ይበልጠዋል። ጠያቂ ሾፌር ከመጣ ወጡ እየቀዘቀዘበት ነው ታሪኩን የሚሰማው።

አሁን እኔና ጓደኛዬ ከሎሪ ማቆሚያው ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። ብዙውን ጊዜ የምንሠራው በርና አልጋ ነው፤ እንጀራችን እሱ ነው፣ አንንቀውም። ባለፈው ወር ግን ከዋልዳ በኩል ሽማግሌዎች መጥተው ለእነሱም ኩሬ አንድ እንድንሠራላቸው ጠየቁን። ይቺኛዋ ከፊተኛዋ ትረዝማለች፤ ሆዷም ሰፋ ይላል። የቀኝ ጎኗን ትናንት ጨርሰናል፤ ዛሬ የግራውን እንጀምራለን።